በጥንቃቄ የተከፈቱ መስኮቶች

ጥቅምት ፫ ቀን

ለልጄ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺንም ድንቡሼንም በሙሉ ጤና፣ በደረቅ ቤትና በሞቀ ብርድ ልብስ ውስጥ ያግኛችሁ ብዬ እመኛለሁ፤ ስለ እኔ የጠየቅሽ እንደ ሆነ፣ ከጉልበቴ በስተቀር የአካሌ ክፍል ሁሉ በየቦታው እንዳለ፣ ጉልበቴም ቢሆን እያጉረመረመ አብሮኝ መኖሩን ገና እንዳልተወ በዚህ አስታውቅሻለሁ።

ለልጅሽ ለድንቡሼ ቃል የገባሁላት መጽሐፍ ስለምን ሁለት ወር እንደ ዘገየ ጠይቀሽኛል። መልሱ አጭር ነው፤ እኔ ግን አጭር መልስ መስጠት ስለማልችልበት ታገሺኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው መጽሐፍ ስጠርዝ፣ የሕግ መጽሐፍም ይሁን የሐኪም መዝገብ ወይም ጀርባው የተሰበረ መዝገበ ቃላት፣ ሥራዬ ቅጠል ከቅጠል እንዳይላቀቅ አጥብቆ ማሰር ነበር፤ ይህ ግን ተቃራኒውን የሚጠይቅ፣ በየገጹ የሚከፈት፣ የሚሳብ፣ የሚሽከረከር፣ እንደ ሕፃኗ ራሷ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥን የማይወድ ሥራ ሆኖብኝ፣ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ በአራተኛው ተሳካልኝ።

አሥራ ሁለት ገጽ ወፍራም ካርቶን ነው፤ በውስጡም አንድ ቤት አለ። ድንቡሼ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ስትከፍት ለመተኛት የሚሰናዳ ሰው ወይም እንስሳ ታገኛለች፤ ድመቷ ከወንበሩ ሥር ተጠቅልላለች፤ ላይኛው ፎቅ ላይ መነጽሩን ሳያወልቅ እንቅልፍ የጣለው አንድ ሽማግሌ አለ፣ ማን እንደ ሆነ አንቺ ንገሪያት። ከዳር የወጣችውን የወረቀት ምላስ ስትስብ መጋረጃው ይዘጋል፤ ክቧን ካርቶን ስታዞር ጨረቃ በጣሪያው ላይ ትወጣለች። በመጨረሻው ገጽ አልጋ ላይ የተጋደመች ልጅ አለች፤ ብርድ ልብሷ እውነተኛ ጨርቅ፣ ከሸሚዜ እጅጌ የተቆረጠ ነው። ድንቡሼ እሱን ስታለብሳት መጽሐፉ አለቀ፣ መብራቱም ይጠፋል ማለት ነው።

የልቤን ልንገርሽ። ይህችን ልጅ ያየኋት የስድስት ወር ሕፃን ሳለች ነው፤ አሁን አራት ዓመት ተኩል ሆናለች። ጆሮዬ ከስልክ ጋር ከተቀያየመ ሦስት ዓመት አለፈው፤ ጉልበቴም ያን ያህል መንገድ አይደፍርም። በቀኗ ውስጥ ቦታ እንደ ሌለኝ ገብቶኛል። አንቺና እሷ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ በምታመሹባት፣ ከመተኛቷ በፊት ባለችው ሩብ ሰዓት ውስጥ ግን በአንዲት የወረቀት መስኮት በኩል ብገባ ማንን እጎዳለሁ? ያለዚያ ለእሷ ቴምብር ላይ የታተመ ሰውዬ ሆኜ እቀራለሁ።

ጎረቤቴን ፊደል ለቃሚውን ታውቂዋለሽ፤ ማተሚያ ቤቱ ጡረታ ካወጣው ጀምሮ የቀረችው ሥራ የእኔን ሥራ መንቀፍ ናት። ትናንት ጨረቃዋን ሁለት ጊዜ አዟዙሮ፣ «ሰውዬ፣ አንተ እኮ መጽሐፍ አልሠራህም፤ የበር ፋብሪካ ነው የከፈትከው!» አለኝ። «ለልጅ ነው» ብለው፣ «ለየትኛዋ ልጅ? ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም» አለ።

የቤታችንን ልማድ አትርሺ። የሚንቀሳቀስ ነገር ያለበት መጽሐፍ አርባ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ወደ ጠራዡ ተመልሶ መጥበቅ አለበትና፣ አርባ ምሽት ሲሞላው በፖስታ መልሺልኝ። በየትኛው እጇ እንደምትከፍተውም ጻፊልኝ፤ የእጇንም ልክ ወረቀት ላይ አስምረሽ ላኪልኝ።

አባትሽ

ኅዳር ፪ ቀን

ክቡር አባቴ ሆይ፤

በመጀመሪያ ለጉልበትዎ፣ ቀጥሎም ለእርስዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሁለት ማሽኖች ተበላሽተው የአንድ ሕንፃ አንሶላ በሙሉ በእጃችን ላይ ስለ ወደቀ፣ ጣቶቼ አብጠው ብዕር መያዝ አስቸግሮኝ ነበር፤ አሁን ደኅና ነኝ።

ድንቡሼ መጽሐፉን እንዴት እንደ ተቀበለችው ከዚያ ወዲህ በላኳቸው ደብዳቤዎች ደጋግመው ጠይቀውኛል። እንዴት ብዬ ልንገርዎ! ማታ አንድ ሰዓት ሲል እግሯን ታጥባ፣ ፒጃማዋን ገልብጣ ለብሳ፣ ሳስተካክልላት ተቆጥታ፣ ከዚያ ክንዴ ሥር ትገባለች። ጨረቃዋን እስክታወጣ ድረስ ትንፋሿን ትይዛለች። ድመቷን «ተነሺ፣ ወንበሩ የኔ ነው» ትላታለች። ሽማግሌውንም ማን እንደ ሆነ ነግሬያታለሁ። በመጨረሻው ገጽ ልጅቷን ብርድ ልብስ ስታለብሳት፣ እጇን በጨርቁ ላይ እንዳደረገች እንቅልፍ ይወስዳታል፤ እኔም እጇን አንሥቼ መጽሐፉን እዘጋለሁ።

የምትከፍተው በቀኝ እጇ ነው፤ ቀስ ብላ። ፎቶግራፏን እንድልክ ቢሉኝም ፎቶግራፍ አንሺ ቤት እስካሁን አልሄድንም። የእጇንም ልክ ያልላክሁት ረስቼው ሳይሆን እጇን ዘርግታ አልቀመጥ ብላኝ ነው፤ ሌላ ጊዜ ይሁንልኝ። ስለ አባቷም ጠይቀዋል፤ ደኅና ነው።

አርባው ምሽት ሲሞላ መጽሐፉን እልካለሁ።

ልጅዎ

ታኅሣሥ ፲፬ ቀን

ልጄ ሆይ፤

ሰላምታዬን ዛሬ ባሳጥረው ፍቅሬ አጥሮ አይደለም።

መጽሐፉ ምን ያህል እንደ ተጎዳ፣ ለማጥበቅም ስንት ቀን እንደሚፈጅብኝ፣ በጥቅሉ ውስጥ ባስገባሻት ብጣሽ ወረቀት ጠይቀሽኛል። አልተጎዳም። እንቅልፍ የነሣኝም ይኸው ነው።

የመዋዕለ ሕፃናቱ መጻሕፍት ሃያ ዓመት ሙሉ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ሲጠገኑ አንቺም አይተሻል። ሕፃን መስኮትን ከጎኑ አይከፍትም፤ ከታች ጣቱን ሰድዶ ወደ ላይ ይገነጥላል። የወረቀቱን ምላስ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ ጥጉን ያኝካል፤ በገጾቹ መጋጠሚያ ውስጥ የብስኩት ፍርፋሪ፣ አንዳንዴም ስሙን ለማወቅ የማንፈልገው ነገር ትቶ ይሄዳል፤ የሚወደውንም ገጽ ከሁሉ አስቀድሞ ይገድለዋል፣ የማይወደውም እንደ አዲስ ይቀራል። ያንቺን ጥቅል ስፈታ ግን፣ አርባ ጊዜ መከፈቱን ማጠፊያው ሁሉ እየመሰከረ፣ መስኮቶቹ በሙሉ እኩል፣ ከላይኛው ጥግ፣ በደረቀና በንጹሕ አውራ ጣት ተከፍተው አገኘኋቸው። ይህን አውራ ጣት አውቀዋለሁ። ሰባት ዓመት ሳይሞላው በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ «መጀመሪያ ታጠቢ፣ ከዚያ አድርቂ፣ ከዚያ ንኪ» እያልሁ ወረቀት ማጠፍ ያስተማርኩት ነው።

አንድ ጉዳት ብቻ አለ። በመጨረሻው ገጽ፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ረጥቦ የደረቀ ክብ ምልክት አለ፣ ከሥሩም ካርቶኑ አብጧል። የሕፃን ለሃጭ ከጥግ ይጀምራል፤ ይህ ግን ከላይ፣ ካጎነበሰ ሰው ፊት የወደቀ ነው።

ሽማግሌ የራሱን ሥራ መርማሪ ሲሆን ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ የሆነውንም ሁሉ ንገሪኝ አልልም፤ አባትነት የልጅን ቤት በር ሳያንኳኩ የሚከፍቱበት ቁልፍ አይደለምና። አንዲት ጥያቄ ብቻ ትመልሺልኛለሽ። ልጅቷ ማታ የት ነው የምትተኛው?

አባትሽ

ጥር ፱ ቀን

ክቡር አባቴ ሆይ፤

ደብዳቤዎን ሰባት ጊዜ አነበብኩት፤ በስምንተኛው ሌላ ነገር ይል ይሆናል ብዬ ነበር።

በአባቷ ቤት ነው የምትተኛው። ከሐምሌ ጀምሮ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት እንደምሠራ ደብቄዎት ነበር፤ በጠዋት የምገባ አስመስዬ ጻፍሁልዎ። ዳኛው ፊት ቀርበን የተጠየቅሁት ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። «ማታ ልጅቷን ማን ነው የሚያስተኛት?» አለኝ። «ታች ቤት ያሉ ጎረቤቴ» አልሁ። «ስትመለሺ ነቅታ ታገኛታለሽ?» «ተኝታ ነው የማገኛት።» «ቤትሽ ውስጥ ሌላ ማን አለ?» ማንም እንደ ሌለ ነገርሁት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገና ጻፈ። የልጅቷ አባት አግብቷል፤ እዚያ ቤት ማታ ማታ ሴት አለች።

የፈረቃ ኃላፊዋን፣ «እባክሽ እትዬ፣ የቀን ፈረቃ ስጪኝ፣ ልጄን ላስተኛ» ብዬ ለመንኋት። «አንቺ ብቻ ነሽ የወለድሽው?» አለችኝ፤ «ከፊትሽ አሥራ አንድ እናቶች ተሰልፈዋል። እኔ ራሴ ልጄን ሳላስተኛ ነው የዳርኋት።»

እሑድ በየሁለት ሳምንቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ትመጣልኛለች። እንጫወታለን፣ እንወጣለን፣ ትስቅልኛለች፤ እንቅልፍ ግን የለንም፣ አሥር ሰዓት ላይ የሚተኛ ልጅ የለምና። መጽሐፉን እሑድ አውጥቼ አላሳየኋትም። ካየችው ይዤው ልሂድ ትላለች፤ ይዛው ከሄደች የምታነብላት ያቺ የአባቷ ሚስት ናት። ፀጉሯን እሷ ታበጥር፣ ጥርሷን እሷ ታስቦርሽ፣ ትኩሳቷን እሷ ትለካ፣ ይሁን፣ ፍርድ ነው፤ ያቺን ሩብ ሰዓት ግን፣ ከአባቴ እጅ የመጣችውን፣ በገዛ እጄ ጠቅልዬ ልሰጣት አልቻልሁም።

ስለዚህ ለብቻዬ አነበብኩት። ለሥራ ከመውጣቴ በፊት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መጋረጃዬን ስቤ ቤቱን ምሽት አደርገዋለሁ፤ ትራሷ አጠገብ ተቀምጬ መስኮቶቹን እከፍታለሁ፤ ጨረቃዋን አወጣለሁ፤ ልጅቷን አለብሳታለሁ። ከዚያ መጋረጃውን ከፍቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። የጻፍሁልዎ ፒጃማዋን ገልብጣ የምትለብሰው ድንቡሼ ውሸት አይደለችም፤ የሥራ ዕረፍቴ በሆነባቸው ማታዎች እኔው ሳስተኛት የነበረችው የሰኔ ድንቡሼ ናት።

መጽሐፉን ከመላኬ በፊት ልጅ የነካው ላስመስለው ሞክሬ ነበር። ብስኩት ገዝቼ ፍርፋሪውን ልበትንበት ብዬ፣ ብስኩቱን ቆሜ በላሁትና ሳላስበው እጄን ታጥቤ አደረቅሁ። የድመቷን መስኮት ልገነጥል ጣቴን ከታች አስገብቼ ያዝሁት፤ እጄ እምቢ አለኝ። አባቴ፣ የጠራዥ ልጅ መሆኔን እንደዚያን ቀን ረግሜ አላውቅም።

የቀን ፈረቃ እስኪደርሰኝ ድረስ መጽሐፉን እዚያው ያቆዩልኝ። እባክዎ ለአባቷ እንዳይጽፉ። ተቆጥተውም ከሆነ አይደብቁኝ።

ልጅዎ

የካቲት ፩ ቀን

ለልጄ፤

ተቆጥቼ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ። በማን ላይ እንደ ሆነ ግን በዳኛው፣ በፈረቃ ኃላፊዋ፣ በልጅቷ አባት፣ በአንቺ፣ በራሴም ላይ በየተራ ሞክሬው በማንም ላይ አልቆምልህ ስላለኝ ትቼዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተሳበው መጋረጃሽ ግን እስካሁን በዓይኔ ላይ አለ፤ እኔም በዚያው ሰዓት ባዶ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ «አሁን ድንቡሼ ከቤት ውጭ ትጫወታለች» እያልሁ ስደሰት እንደ ነበር ሳስበው፣ ሁለት ሰዎች በሁለት ከተማ አንዲትን ልጅ እያሰቡ ሁለቱም ያላገኟት መሆኑ ይደንቀኛል።

ደብዳቤሽን ለማንም አላሳየሁም። ፊደል ለቃሚው ግን ዕድሜውን ሁሉ ተገልብጦ የተሰደረ ፊደል ሲያነብ የኖረ ሰው ነውና ፊቴን አነበበው። «መጽሐፉ ለምን መደርደሪያ ላይ ወጣ?» አለ።

«ይቆይ ተብሏል።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪመቻቸው።»

«ልጅቷም እስኪመቻቸው ድረስ አራት ዓመት ተኩል ሆና ትቆማለቻ! ስማ፣ አንተ ለልጅ መጽሐፍ ነው የሠራኸው ወይስ ለራስህ ሐውልት? ሐውልት ከሆነ ንገረኝ፣ አቧራውን እየመጣሁ እጠርግልሃለሁ።»

ከቤቴ አስወጣሁት። በማግሥቱ ግን እኔው ሄጄ በሩን አንኳኳሁ፤ ልክ ነበርና። እኔ ያቺን ሩብ ሰዓት የፈለግኋት ለእሷ እንቅልፍ ብዬ አልነበረም፤ ልታወቅ ፈልጌ ነው። አንቺም የያዝሻት ለእንቅልፏ ብለሽ አይደለም። ልጅቷ ግን ከእኛም ጋር ሆነ ያለ እኛ ማታ ማታ ትተኛለች፤ የቀን ፈረቃው ቢመጣም፣ የካርቶን መስኮት ከፍቶ ድመት ማግኘት ተአምር የሚሆንበት ዕድሜ ተራውን ጠብቆ የሚቆም አይደለም።

መጽሐፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ማጠፊያዎቹን በሙሉ ከሥር በጨርቅ ደግፌአለሁ፤ የሕፃን እጅንም፣ ይህን ዓይነት መጽሐፍ ይዞ የማያውቅ ሰው እጅንም ይችላል። የት እንደሚሄድ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። እኔ የማዝበት ዘመን አልፏል፤ ልመናም ትእዛዝ መስሎ ስለሚታየኝ አልለምንሽም።

ስለዚያች ሴት ክፉም ደግም አልጻፍሽልኝም። ድንቡሼ እሑድ ስትመጣ ፀጉሯ እንዴት ሆኖ ነው የምታገኚው?

አባትሽ

መጋቢት ፬ ቀን

ክቡር አባቴ ሆይ፤

ጥቅሉ በደኅና ደርሷል። ቁም ሣጥኑ ላይ አለ። በዚህ መሐል ሁለት እሑድ አለፈ፤ በአንደኛው ዝናብ ነበር፣ ካርቶኑ እንዳይረጥብ ፈራሁ። በሁለተኛው ዝናብ አልነበረም።

ፀጉሯ በደንብ የተሠራ ነው። መሐሉ ላይ የተከፈለበት መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ እኔ እንደዚያ ቀጥ አድርጌ ከፍዬላት አላውቅም። ጥፍሯም የተቆረጠ ነው። ስፈልግ ስፈልግ አንድም ጉድለት አጥቼባታለሁ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ

መጋቢት ፳፪ ቀን

ለልጄ፤

ምንም አልጠይቅሽም፤ እንዳትፈሪ ነው የጻፍሁት።

እዚህ ሙጫ ካላፈላሁ ሁለት ሳምንት ሆነ። ክፍሉ ሙጫ ሙጫ ሳይሸት ሲቀር የእኔ አልመስልህ ብሎኝ፣ ትናንት ማንም ያላዘዘኝን ጥቂት አፍልቼ ከእሳቱ አወረድኋት፤ ሲሸተኝ ደስ አለኝ፤ ከዚያም ደርቆ ቀረ። ፊደል ለቃሚው፣ «ለሽታ ብሎ ሙጫ የሚያፈላ ሰው አንተ ብቻ ነህ» ብሎ፣ ከሄደ በኋላ ተመልሶ መጥቶ አብሮኝ ተቀመጠ።

ጣቶችሽ አሁን እንዴት ናቸው?

አባትሽ

ሚያዝያ ፲፯ ቀን

ክቡር አባቴ ሆይ፤

ጣቶቼ ደኅና ናቸው። ያልጠየቁኝን ልንገርዎ።

ባለፈው እሑድ ድንቡሼን ስመልሳት መጽሐፉን በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። አባቷ አልነበረም፤ ሴቲቱ ከፈተችልን። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋውኗን ገና አላወለቀችም ነበር።

«ግቢ እንጂ፤ ሁልጊዜ በር ላይ ቆመሽ ነው የምትመለሺው» አለችኝ።

«መንገድ አለብኝ።»

«በእሑድ ምን መንገድ አለ?»

ገባሁ። መጽሐፉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁትና፣ አያቷ በእጁ የሠራላት የመኝታ መጽሐፍ መሆኑን ነገርኋት። ሌላም ልጨምር ስል፣ ድንቡሼ በወንበሩ ላይ ተንጠላጥላ፣ ጣቷን ከታች ሰዳ የድመቷን መስኮት ወደ ላይ መዥረጥ አደረገችው። ግማሹ እጇ ላይ ቀረ።

«ውይ በሞትኩት! ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ሳላያት እኮ ነው!» ብላ ሴቲቱ ዘለለች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ተያት፤ እንደዚያ ነው የሚከፈተው» አልኋት።

ድንቡሼም፣ «እማ፣ ድመቷ ቤቷ ተሰበረ» አለች፣ አንዳች ሳታዝን።

ሴቲቱ ገጾቹን በጣቷ ጫፍ ነካካቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እንዲህ ዓይነት ማንበብ አልችልበትም» አለችኝ። «ማለቴ ፊደሉንማ አነባለሁ። ግን ለኔም ማንም አንብቦልኝ አያውቅም፤ ምን እንደሚባል አላውቅም። ማታ ማታ ዝም ብዬ ነው አጠገቧ የምቀመጠው፤ እሷም ዝም ብላ ጣሪያ ታያለች። እስክትተኛ ቆይና አሳይኝ።»

አባቴ፣ እንደ ጠላኋት ብቆይ ይሻለኝ ነበር ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘሁም፤ ቆየሁ። አንድ ሰዓት ሲሆን እግሯን አጠበቻት፤ ፒጃማዋን ገልብጣ ለበሰች፤ ሴቲቱ ልታስተካክል እጇን ስትሰድ ድንቡሼ ሁለታችንንም ተቆጣችን። አልጋው ጠባብ ነው፤ እኔ በግራ፣ እሷ በቀኝ፣ ልጅቷ መሐል ሆነን ተቀመጥን።

እኔ አነበብሁ። ለድመቷ ቀጭን ድምፅ ሰጠኋት፤ ድንቡሼ ጨረቃዋን ስታዞር በጥርሴ መሐል የዛገ በር ድምፅ አሰማሁ። የሽማግሌው መስኮት ሲደርስ እንደ እርስዎ አንኮራፋሁ፤ እናቴ በሕይወት ሳለች በግድግዳው በኩል የምሰማውን፣ ረጅም ተጎትቶ በድንገት የሚቋረጠውን፣ ሰው «ምን ሆኑ?» ብሎ ሲደነግጥ በቀጭን ፉጨት የሚመለሰውን። ድንቡሼ እግሯን እያወናጨፈች ሳቀች። «አያትሽ እንደዚህ ነው የሚተኛው» አልኋት። ሴቲቱ አልሳቀችም፤ ከንፈሮቿ ግን እየተከተሉኝ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ትምህርት ላይ ነበረች።

ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ። በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ የሚወሰድ መድኃኒት የምታስረዳ ይመስል አነበበች። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ድንቡሼ መስኮቱን ትከፍትና፣ ጣቷ እዚያው ሆኖ ዓይኗ እኔ ላይ ይመጣል። እንደገና ትከፍታለች፣ እንደገና ወደ እኔ። ሴቲቱም ይህን አይታ ድምፅዋ እያነሰ ሄደ። እዚያ እስከ ተቀመጥሁ ድረስ መጽሐፉ አይነበብም፤ ልጄም ያለ እኔ የምታድርባቸውን ምሽቶች ሁሉ ጣሪያ እያየች ታሳልፋቸዋለች። ከአልጋው ተነሣሁ።

«የት ነው?» አለች ድንቡሼ።

«ቤቴ።»

«አላለቀም እኮ።»

«እሷ ትጨርስልሻለች» አልኋት።

ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። የቤቱን በር ከኋላዬ ሳብሁት፤ እስከ ደረጃው የመጀመሪያ እርከን ደርሼ እግሬ ቆመ። የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ለደረጃው የቀረበ ነው፤ ሁሉም ይሰማል። ሴቲቱ ሽማግሌው ላይ ደርሳ ኖሯል፤ አንድ ጊዜ አጭር፣ አፍረት ያለበት ድምፅ አሰማች።

«አይደለም!» አለች ልጄ። «አያቴ እንደሱ አያንኮራፋም!»

«እሺ፣ እንዴት ነው የሚያንኮራፋው?»

ከዚያም አባቴ፣ መልክዎንም ድምፅዎንም የማታስታውሰው ልጅ፣ ረጅም አድርጋ ጎተተችው፤ በድንገት ቆረጠችው፤ ዝም አለች። እኔም ከግድግዳው ወዲህ ትንፋሼን ያዝሁ። ቆይታ በፉጨት ለቀቀችው።

ሴቲቱ ደግማ ሞከረች፤ ፉጨቱ ቸገራት፣ ሁለቱም ሳቁ። በሦስተኛው ጊዜ የተሰማው የማንኛቸው እንደ ሆነ መለየት አልቻልሁም፤ እርስዎን ይመስል ነበር። መብራቱን መቼ እንዳጠፉት አላውቅም፤ እኔ ደረጃውን ወርጄ ነበር።

ልጅዎ